ለሁለት ቤት አንድ ጀርመን

እኔ ጠርጣራ ሴት ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ጄኔቫ የመጣሁት የአንድ ዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ ሆኜ ነበር። የመጀመሪያው ወር ሳያልቅ ማዳም «እንዳይጠፋብሽ» ብላ ፓስፖርቴን ከራሷ መሳቢያ ውስጥ ስትቆልፍበት፣ መጠርጠር ከጸሎት ቀጥሎ ሰውን የሚረዳ ነገር መሆኑን ተማርኩ። ከዚያ ቤት ወጥቼ፣ የመኖሪያ ወረቀት አግኝቼ፣ ልጄን ወልጄ፣ ቬርኒየ ካለው ረጅም ሕንፃ ላይ አፓርታማ ተከራይቼ፣ እናቴንም ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ አስመጥቼ እንኳ ጠባዬ አልተለወጠም። ሊፍት ውስጥ ፈገግ ያለልኝን ሰው ሁሉ «ምን ፈልጎ ነው?» እላለሁ።

ስለዚህ ልጄ ከዙሪክ ደውላ «ማማ፣ ሽማግሌ ሊልኩ ነው» ስትለኝ እልል አላልኩም። «የማን ልጅ ነው?» ነው ያልኩት።

«አውቀሽዋል እኮ! ባለፈው የመጣው። ቤታቸው ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን ነው። ሌረውን፣ የሙያ ትምህርቱን ጨርሷል፣ ዲፕሎም አለው። ማሽን ቤት ውስጥ ብረት ይቆርጣል፣ ትንንሽ ብረት፣ ትሬ ፕሬሲ፣ ልክክ አድርጎ!»

ልጄ ጄኔቫ ተወልዳ ዙሪክ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ስለምትሠራ አማርኛዋ ላይ ሁለት አገር ተጭኖበታል። ልጁን ግን አስታወስኩት። አንድ ቀን ምሳ ጋብዛው መጥቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው ለዓመታት ሲንቋረር የኖረውን የወጥ ቤቴን በር አውልቆ፣ ማጠፊያውን አቃንቶ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ቀን ወዲህ በሩ ድምፅ የለውም። እኔም በሩ በተከፈተ ቁጥር «በር የሚጠግን እንግዳ ምን ደብቆ ነው?» ስል ከረምኩ።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ እኛ ቤት አንድ ነገር ልናገር። እኛ ጀርመን አለን። የእናቴ ቅድመ አያት፣ ወንጌል እንሰብካለን ብለው መጥተው ለንጉሡ መድፍ ሲሠሩ ከኖሩት እጀ ብልሃተኛ ፈረንጆች አንዱ ነበር፤ ንጉሡ ሲሞቱና ፈረንጆቹ ሲሄዱ ወንድ ልጁን ለእናቱ ትቶ ሄደ ይባላል። ከቤታችን ቀላ ያለ ሕፃን ሲወለድ «ጀርመኑ መጣ» እንላለን። ሰዓት አክባሪ ከሆነም ጀርመኑ ነው፤ ቆጣቢ ከሆነም ያው ጀርመኑ ነው። ማዳም ጣቷን መስኮት ላይ አስኪዳ አቧራውን ስታሳየኝ፣ በሆዴ «አንቺዬ፣ እኔ እኮ የጀርመን ዘር ነኝ» እል ነበር። ያች ሐሳብ ብዙ ቀን አቁማኛለች።

እናቴ ስለ ጀርመኑ ሲወራ ዝም ትላለች። በጠቅላላው ዝምተኛ ናት። አንድ ልዩ ጠባይ አላት፤ ሰው ሲበላ አታይም። ማዕድ ላይ ዓይኗን ከራሷ እጅ አታነሣም። በጋሪ የሚገፋ ሕፃን ስታይም ፊቷን ወደ ሱቅ መስኮት ታዞራለች። እኔ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ሁሉ «እናትሽ እንዴት ጭምት ናቸው!» ይሉኛል፣ እኔም እኮራለሁ።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ከዙሪክ በባቡር መጡ። ሦስት ነበሩ፤ የልጁ አባትና ሁለት አዛውንት። አባት ለገዛ ልጁ ሽማግሌ ሆኖ መምጣቱ ደንብ አይደለም፤ «በሰው አገር ሰው አይገኝም» ብለው ይቅርታ ጠየቁ። እኔ ግን ቤቴን ሊገመግሙ እንደመጡ ጠረጠርኩ፤ ዓይናቸው መጋረጃው ላይ ትንሽ ቆይቷልና። ደንቡን ጠብቀው «ጉዳያችንን ሳትሰሙ አንቀመጥም» አሉ፤ ልጃችሁን ለልጃችን ብለው ጠየቁ። እናቴ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ተቀመጡ። ልጄ ወጥ ቤት ሆና ድምፅ በሌለው በር ትሰማለች።

ከሁለቱ አዛውንት ትልቁ «እንግዲህ ዘር እንቁጠር» አሉ። «በስደት ደም ይጠፋፋል። ልጆቹ በተክሊል እንዲጋቡ ከፈለግን ሰባት ቤት መቁጠር አለብን፤ ቄሱም ይጠይቁናል።»

የልጁ አባት በደስታ ጀመሩ። አባታቸውን፣ አያታቸውን፣ ቅድመ አያታቸውን ጠሩና ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «ከዚያ በላይ ያለውማ ፈረንጅ ነው! ለንጉሡ መድፍ የሠራው ጀርመናዊ» አሉ። ስሙን ጠሩት። «የልጄን እጅ አይታችሁታል? ብረት ሲይዝ? ከዚያ የመጣ ነው።»

የያዝኩትን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«እሱማ የኛ ነው» አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ መመለሻ የለውም።

«የምን የእናንተ?»

«የኛ ጀርመን ነዋ! የእናቴ ቅድመ አያት ነው። ራሱ ሰውየው።»

ትልቁ አዛውንት በጣታቸው ቆጠሩ፤ በልጁ በኩል ጀርመኑ አምስተኛ ነው፣ በልጄም በኩል አምስተኛ ነው። «እንዲህማ ከሆነ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ልጆቹ ወንድምና እህት ናቸው።»

ልጄ ከወጥ ቤት ወጣች። «ኖን! ሰውየው እኮ ድሮ ነው የሞተው! ኮምዩን፣ ማዘጋጃ ቤቱ ይሄን አይጠይቅም!»

ኮምዩን አይጠይቅም፤ አያቷ ግን ትጠይቃለች። ልጄን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ እኔ የሰው ቤት ሳጸዳ ሹሩባ የሠራቻት፣ ተረት ያወራቻት እሷ ናት። ያለ አያቷ ምርቃት እንደማታገባ ደግሞ ቀድማ ምላለች። እናቴ ሰባት ቤት ያልሞላ ጋብቻ አትመርቅም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ያን ቀን ሽማግሌዎቹ «እናጣራ» ብለው ሲሄዱ ልጄ መኝታ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ እናቴም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ትደባብሳት ነበር።

እኔ መጠርጠሬን ቀጠልኩ። እኚህ የልጁ አባት ለልጃቸው የተሻለች አግኝተው ይሆን? ጀርመናችንን ከልጄ አፍ ሰምተው የራሳቸው አድርገውት ይሆን? እሳቸውም እንዲሁ ጠርጥረውኝ ኖሯል። በስልክ «እንዴት ሰነበቱ እህቴ?» «እግዚአብሔር ይመስገን ወንድሜ» ስንባባል ለሰማን ሰው የሚዋደዱ ዘመዶች እንመስላለን። አንቱ እየተባባልን እንጠራጠር ነበር።

መላ ያመጣችው ልጄ ናት። እሷ ወደምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ሕመምተኛ ልትጠይቅ የምትመጣ አንዲት የሉተራን ምእመን አሮጊት አለች። ሙያዋ አይደለም፣ ፍቅሯ ግን ድሮ ከጀርመን መንደሮች የተሰደዱ ሰዎችን በቤተ ክርስቲያን መዝገብ መፈለግ ነው። አሁን ጀርመኖች ራሳቸው የማያነቡትን የጥንት የእጅ ጽሑፍ ታነባለች። የኛ ሰውዬ ስሙና መንደሩ በታሪክ መጻሕፍት ስለተጻፈ የመንደሩን መዝገብ ማግኘት አይከብድም አለች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አልኩ። በሆዴ ግን የምለምነው ጀርመኑ የነሱ እንዳይሆን ነበር። እንዲያው ከመካከላችን አንዱ ውሸታም ይውጣና ልጄ ታግባ፤ ውሸታሙ ደግሞ እሳቸው ይሁኑ።

ዙሪክ ሁለታችንም ሄድን፤ አንዳችን ለብቻ ብንሄድ ሌላው ስለማያምን። ትልቁ ባቡር ጣቢያ ተገናኝተን፣ በትራም ወደ ሴትየዋ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ በጓሮ በኩል ባለች ክፍል ውስጥ ሴትየዋን መካከላችን አስቀምጠን ኮምፒውተሯ ላይ አፈጠጥን። ነጭ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ፈጣን ሴት ናት። «ከአሜሪካ ነው ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ» አለች፣ የልጁ አባት ተረጎሙልኝ። «ከሐበሻ የመጣ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።» እኔ ጀርመንኛ አላውቅም። እሳቸው ያውቃሉ። ይህን ሳስብ መጀመሪያውኑ ልጄን ይዤ ባለመምጣቴ ራሴን ረገምኩ፤ የዚያን ቀን ተረኛ ነበረች።

ሴትየዋ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አስኪዳ አነበበች። የተወለደበትን፣ የተጠመቀበትን፣ ወላጆቹን፣ ብረት ሠሪነት የተማረበትን። ከጎኑ ቄሱ «ወደ ሐበሻ ሄደ» ብሎ ጽፎ ነበር። ይህን ሁሉ የልጁ አባት ቃል በቃል ተረጎሙልኝ። ከዚያ ሴትየዋ ወደ ታች ወርዳ ረዘም አድርጋ ተናገረች፣ ፊቷም አዘነ። እሳቸው አፋቸውን ጠረጉ።

«ምን አለች?»

«ምንም። ስለ ልጆች የተጻፈ ነገር የለም ነው የምትለው።»

ለምንም ይህን ያህል አይወራም። እኔ የሰው ፊት እያነበብኩ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በማላውቀው ቋንቋ የተነገረ ኀዘን ኀዘን መሆኑ አይጠፋኝም። በፈረንሳይኛ፣ በእጅ ምልክት፣ በፈገግታም «ይታተምልኝ» አልኳት። ገጹንም፣ እሷ በአሁኑ ጽሑፍ የገለበጠችውንም አትማ ሰጠችኝ። የልጁ አባት ወረቀቱን ሲያዩ ቀለማቸው ሄደ ብል አላጋነንኩም። ወደ ጣቢያው ስንመለስ ስለ ዝናብ ብቻ አወራን።

ልጄ ከሥራ ስትወጣ ጠብቄ ካፌ ውስጥ አስነበብኳት። ጀርመኑ ሐበሻ አገር አንድ ልጅ ብቻ ነው የወለደው፤ ሴት። እናቷ ሐበሻ ናት። ሲመለስ ትንሿን ልጅ ይዟት ተመለሰ። እዚያው መንደር አደገች፣ ሳታገባ ኖረች፣ አባቷ የተቀበረበት ተቀበረች። ሌላ ልጅ የለም። የሉተራኑ ቄስ ከስሟ አጠገብ «የመጨረሻዋ» ብሎ ጽፎላታል።

ስለዚህ ጀርመኑ የኛም አይደለም፤ የነሱም አይደለም። ልጄ ካፌው ውስጥ ዘላ አቀፈችኝ። እኔ ግን ስለዚያች ልጅ አሰብኩ፤ ያን ሁሉ ዘመን ሰው በአባቷ ሲፎክር እሷ ብቻዋን በበረዶ አገር።

ቬርኒየ ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ «እማዬ፣ ጀርመን የለም! ዘመድ አይደለንም!» አልኳት።

እናቴ አልተደሰተችም፣ አልደነገጠችምም። «ተቀመጪ» አለችኝ።

«አያቴ ወናፍ ነፊ ነበር» አለች። «ጠይብ። ፈረንጆቹ መድፍ ሲሠሩ ብረቱን የሚያቀልጡት፣ የሚቀጠቅጡት የኛ ሰዎች ናቸው። ንጉሡ እያሉ የንጉሥ ሠራተኛ ናቸውና ማንም አይነካቸውም። ንጉሡ ሞቱ፣ ፈረንጆቹም ሄዱ። ከዚያ ያው ቀጥቃጭ፣ ያው ቡዳ ሆኑ። ሕፃን በታመመ ቁጥር ‹እነ እገሌ በሉት› ነው። አባቴ አገር ለቆ ሲወጣ ‹የማን ልጅ ነህ?› አሉት። ‹የጀርመኑ ልጅ ልጅ ነኝ› አለ። እሱ ብቻ አይደለም። የዚያ መንደር ልጅ በየደረሰበት ያንኑ ሰው ነው የጠራው። ሌላ የሚያውቁት የፈረንጅ ስም አልነበራቸውማ።»

«ታዲያ የልጁ አባት ስሙን ሲጠሩ...»

«ያን ጊዜውኑ አውቄያለሁ።»

«እና ዝም አልሽ?»

«ልጅ ሆኜ» አለች፣ ያልጠየቅኋትን ስትመልስ፣ «ጎረቤት ቤት ገባሁ። ምሳ እየበሉ ነበር። ሴትየዋ እኔን ስታይ ወጡን በነጠላዋ ሸፈነችው። አባቴ ጀርመን ነኝ እያለም ቢሆን ሰው መጠርጠሩን አልተወም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲበላ አላይም።»

አፈርኩ። በእሷ አይደለም፣ በራሴ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሁሉን ስጠረጥር፣ አጠገቤ ያጎነበሰችውን እናቴን «ጨዋ ናት» ብዬ ስኮራባት ኖርኩ። ከኀፍረቱ ቀጥሎ ንዴቱ መጣ፣ እሱን ግን ወደ ዲቲኮን፣ ወደ ልጁ አባት አዞርኩት። «በሽማግሌ ፊት ወረቀቱን አነብላቸዋለሁ! ሰምተው፣ አውቀው ዋሹኝ እኮ!»

«አታነቢውም። ከሁለቱ ቤት አንዱ ጀርመኑን ከተወ ይበቃል። እኔ እተወዋለሁ።»

«ለምን እኛ?»

«እሱ ገና የሚዳሩ ሦስት ልጆች አሉት። አንቺ ያለሽ አንድ ናት።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፦ «አላጋባም ካለ ግን ታነቢለታለሽ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ዚፕ ቆለፍኩበት።

በሚቀጥለው ጊዜ ሽማግሌዎቹ ብቻ አልነበሩም የመጡት፤ የልጁ እናትም ልጁም አብረው መጡ። ምግብ ቀርቦ ነበር፣ ማንም ግን አልነካውም። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«እኔ የጀርመን ዘር አይደለሁም» አለች። «አያቴ ቀጥቃጭ ነው። ወናፍ ነፊ። አባቴ ፈርቶ ዋሸ፣ እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ። ዘመድ አይደለንም። ልጆቹን መርቁልን።»

የልጁ እናት እጇ ሳታዘው ነጠላዋን ወደ ሳህኗ ሳበች። ትልቁ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ የልጁን አባት ብቻ አያለሁ። እሳቸው እኔን አዩ፣ ከዚያ ቦርሳዬን። የቦርሳዬን ዚፕ ቀስ ብዬ ከፈትኩት፤ ድምፁ ይሰማል።

«እማማ» አሉ ፈጠን ብለው፣ «እውነት መናገርዎ ያስከብርዎታል። እኛ ምንም እንኳ የጀርመኑ ዘር ብንሆን፣ ሰው በሙያው አይናቅም። እኛ ደስ ብሎናል።»

ምንም እንኳ! እጄ ወረቀቱን ነክቶት ነበር። እናቴ ሳታየኝ ራሷን ነቀነቀች፣ አይሆንም ማለቷ ነው።

ልጁ ሳቀ። «እኔም እኮ ቀጥቃጭ ነኝ» አለ። «ዲፕሎም አለኝ።» ልጄም ሳቀች፣ አባቱ ብቻ «ዝም በል» አሉት። አዛውንቶቹ መረቁ፣ እናቴ መረቀች፤ ልጄ የአያቷን ጉልበት ስትስም እኔ ዚፑን መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ ተበላ። ዶሮው ተነሥቶ በየሳህኑ ወጣ። የልጁ አባት ርቧቸው ኖሯል፣ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አነሡ። እጃቸው አፋቸው አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ቀና ስል እናቴ እያየቻቸው ነው። አንገቷን አቅንታ፣ ዓይኗን ሳትሰብር፣ በሕይወቴ አይቼው በማላውቀው አኳኋን የሰው ማዕድ ትመለከታለች።

«ብላ እንጂ ልጄ» አለቻቸው በለሰለሰ ድምፅ። «ምን ያስፈራሃል? ቡዳ ጀርመን አይበላም።»

የልጁ አባት ጎረሱ። ሲያላምጡ ዓይናቸውን ከራሳቸው እጅ አላነሡም፣ እስከሚነሡም ድረስ እንዳጎነበሱ በሉ። እናቴ ግን ሁላችንንም በየተራ ስታይ፣ ማን ምን እንደሚወድ እየለየች ስታስጨምር ዋለች።